ስለ ቅርጫት ኳስ ካርዶች አሰባሰብ

ቴምብር ወይም የጥንት ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ታውቁ ይሆናል። በአሜሪካ ደግሞ የስፖርተኞች ሥዕል የታተመባቸውን ካርዶች መሰብሰብ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ካርዱ ከጠንካራ ወረቀት የሚሠራ ሲሆን፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ቁመቱ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። በፊቱ የተጫዋቹ ፎቶግራፍ፣ በጀርባው ደግሞ ቁመቱ፣ የተማረበት ኮሌጅና በየዓመቱ ያስቈጠረው ነጥብ ይገኝበታል። እዚህ የምንመለከተው በ1990ዎቹ የታተሙትንና ዛሬ በጥቂት ሳንቲም የሚገዙትን የቅርጫት ኳስ ካርዶች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

እነዚህን ካርዶች ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ምን ርካሽ እንደ ሆኑ መረዳት ይገባዋል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ካርድ ማተሙን ስላቆመ፣ ገበያው ለጥቂት ዓመታት ቀዝቅዞ ነበር። በ1986 ፍሊር የተባለው ድርጅት 132 ካርዶች ያሉትን ስብስብ ባወጣ ጊዜም ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ነገር ግን የማይክል ጆርዳን ሥዕል ያለበት 57ኛው ካርድ ከዓመታት በኋላ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በ2021 እንከን የሌለው አንድ ቅጂ በ738,000 ዶላር ተሽጧል። ገና በዘጠናዎቹ መባቻ የጆርዳን ዝናና የካርዱ ዋጋ አብረው መውጣት ሲጀምሩ አሳታሚዎች ተሽቀዳደሙ። ሁፕስ በ1989፣ ስካይቦክስ በ1990፣ አፐር ዴክ በ1991 ገበያው ውስጥ ገቡ፤ ቶፕስም በ1992 ተመለሰ። ማተሚያ ቤቶቹ ያለ ዕረፍት ሠሩ፤ ገዢውም «ነገ ያከብረኛል» እያለ ሳጥኑን ሳይከፍት አስቀመጠ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር። የጥንቶቹ የቤዝቦል ካርዶች ብርቅ የሆኑት ልጆች ስለ ተጫወቱባቸውና እናቶች ከቤት ጠርገው ስለ ጣሏቸው ነው። የዘጠናዎቹን ግን ሁሉም ሰው በጥንቃቄ አስቀመጣቸው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው አላቸው። እርግጥ ነው፣ ከዚሁ ዘመን ውድ የሆኑም አሉ፤ በ1996 ቶፕስ ክሮም በተባለው ስብስብ የወጣው የኮቢ ብራያንት ካርድ አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብታሞች ይፈላለጉበት። «ይህ ሳጥን ልጅህን ኮሌጅ ያስተምርልሃል» የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑት።

ታዲያ ርካሹ ካርድ ምን ይጠቅማል? ካርዱን እንደ ሸቀጥ ሳይሆን እንደ ታሪክ ሰነድ ለሚያነበው ሰው ብዙ ይነግረዋል። የናይጄሪያው ተወላጅ ኦላጁዎን ሁነኛ ምሳሌ ነው። ከ1991 በፊት በታተሙ ካርዶች ላይ ስሙ «አኪም» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር የስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ «ሐኪም» መሆኑን ስላስታወቀ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡት ካርዶች ታርመዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ አንድ ሰው በባዕድ አገር የገዛ ስሙን ሲያስመልስ ታያላችሁ፤ ለሁለቱም የምትከፍሉት ከሁለትና ከሦስት ዶላር አይበልጥም። የኮንጎውን ተወላጅ የዲኬምቤ ሙቶምቦን ካርዶችም ብትጨምሩ፣ የአፍሪካ ልጆች በዚያ ሊግ የነበራቸውን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ ስብስብ ጀመራችሁ ማለት ነው።

ፎቶግራፉንም ከዳር እስከ ዳር መርምሩት። በ1990 በወጣው የሁፕስ ስብስብ ውስጥ ሳም ቪንሰንት የተባለው የኦርላንዶ ተጫዋች ካርድ ቁጥሩ 223 ነው። በካርዱ ላይ ከቪንሰንት ጋር የሚታየው ጆርዳን ሲሆን፣ የለበሰው ግን የታወቀበትን 23 ቁጥር ሳይሆን 12 ቁጥርን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የካቲት 14 ቀን 1990 ከኦርላንዶ ጋር ከሚደረገው ጨዋታ በፊት ማልያው ከመልበሻ ክፍል ተሰረቀበት። ስም ያልተጻፈበት ሌላ ማልያ ለብሶ ወጣና 49 ነጥብ አስቈጠረ፤ ቡድኑ ግን ተሸነፈ። አሳታሚው ኋላ ሌላ ፎቶግራፍ ስለ ተካበት፣ የዚህ ካርድ ሁለት ዓይነት ቅጂ ይገኛል። ስትገዙ የትኛው እንደ ሆነ አረጋግጡ።

ስለ አመራረጡ ብዙ መናገር አያሻም። አንድ ተጫዋች፣ አንድ ቡድን ወይም የአንድ ዓመት ስብስብ ምረጡና በዚያ ጽኑ፤ ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ሰው የሚያተርፈው የካርቶን ክምር ነው። ማዕዘኑ ያልደነዘዘውን፣ ጠርዙ ያልተላጠውን፣ ሥዕሉ ወደ አንድ ወገን ያላጋደለውን እየለያችሁ ውሰዱ። ደረጃ እንዲያወጡላችሁ ወደ መርማሪ ድርጅቶች መላክ ግን ለርካሽ ካርድ አያዋጣም፤ ክፍያው ከካርዱ ዋጋ ይበልጣልና።

አቀማመጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካርዶችን በላስቲክ ማሰር ጠርዛቸውን ይጎዳል፤ የፀሐይ ብርሃን ቀለማቸውን ያደበዝዛል። ኪስ ባለው አልበም ብታኖሯቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ፒ.ቪ.ሲ. ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራው አልበም ከጊዜ ብዛት ቅባት መሰል ነገር ስለሚያወጣ ካርዱን ያበላሻል። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራውን ምረጡ። የዘጠናዎቹ አንጸባራቂ ካርዶች ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት እርጥበትን ነው፤ ተደራርበው በእርጥብ ክፍል ከቈዩ እንደ ጡብ አንድ ላይ ይጣበቃሉ። እንዲህ ሆነው ብታገኟቸው በኃይል ጎትታችሁ አታላቅቋቸው፤ የአንዱ ቀለም ተልጦ በሌላው ጀርባ ላይ ይቀራልና።