በስብ ውስጥ የሚከማች ኬሚካልና የደም ካንሰር

ዲዲቲ የተረጨበት ቤት ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ከተለሰነ ከዓመታት በኋላም ኬሚካሉ በነዋሪዎቹ ሰውነት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዲዲቲ፣ ዳዮክሲን እና በአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የነበረው ፒሲቢ በውኃ እምብዛም አይሟሙም፤ የሚሟሙት በስብ ነው። ስለዚህ በሽንት ቶሎ አይወጡም። ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከቅቤ ጋር ገብተው በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ከዳዮክሲኖች እጅግ መርዛማ የሆነው ቲሲዲዲ በሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እናት ያከማቸችው ደግሞ በጡት ወተት ለልጇ ይተላለፋል።

እነዚህ ኬሚካሎች የደም ካንሰር ያመጣሉ ወይ? ጥያቄው አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ጦር በ1960ዎቹ በቬትናም ደኖች ላይ የረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለ ፀረ-አረም በዳዮክሲን የተበከለ ነበር። ሐምሌ 1976 ደግሞ በጣሊያን ሴቬሶ አካባቢ ከአንድ ፋብሪካ ያመለጠ የዳዮክሲን ደመና በመንደሮች ላይ ወረደ። ነዋሪዎቹን ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ክፉኛ በተበከሉት ቀበሌዎች የሊምፍ ካንሰር (ሊምፎማ) እና የደም ካንሰር ጨምሮ አገኙ። ዳዮክሲን በደማቸው ውስጥ በበዛ ጤነኛ ሰዎች ላይ እንኳ ከሊምፎማ ጋር የሚያያዝ የክሮሞሶም መዛባት ያለባቸው ሴሎች በርክተው ታዩ።

መልሱ ይህን ያህል የዘገየው በሽታው ኬሚካሉ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ነው። ሊምፎማ በኤችአይቪና በሌሎች ቫይረሶችም ሊመጣ ይችላል። የአንድን በሽተኛ ደም መርምሮ «የዚህ ሰው ሕመም ከዲዲቲ ነው» ማለት የሚችል ሐኪም የለም፤ ማስረጃው የሚገኘው ብዙ ሰዎችን በማጥናት ነው። አሜሪካ በ1991 ባወጣችው ሕግ ይህን የማስረጃ ሸክም ከታማሚው ትከሻ አነሳች፤ በቬትናም ያገለገለ ወታደር ነን-ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለው የሊምፎማ ዓይነት ቢይዘው ሕመሙ ከኤጀንት ኦሬንጅ መምጣቱን ራሱ እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። ፍትሕ ማለት ይህ ይመስለኛል።

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሊንዴን የተባለው ፀረ-ተባይ ነን-ሆጅኪን ሊምፎማ እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ ሲል ወሰነ፤ ዲዲቲን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ» ከሚባሉት መደበው። ይህ ምደባ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ በእርሻ ሥራቸው ሊንዴን የነካቸው ሰዎች ለዚህ ሊምፎማ ያላቸው ተጋላጭነት በ60 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ከ1000 ሰዎች 20 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በዚህ ሊምፎማ ይያዛሉ ብንል፣ ጭማሪው ቁጥሩን ወደ 32 ያደርሰዋል። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ለአገር ግን ብዙ ሕሙማን ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት ወባን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቷል፤ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን የሚገድበውና በ2004 በሥራ ላይ የዋለው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲ ለወባ መከላከያ እንዲውል ፈቅዷል። ጥፋቱ ለግድግዳ የተባለው ዲዲቲ ወደ ማሳና ወደ ጫት መሻገሩ ላይ ነው። በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። ያም ሆኖ የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣልና እናቶች ማጥባታቸውን እንዳያቋርጡ።

ለወባ የተዘጋጀ መድኃኒት እህልና ጫት ላይ አይረጭ፤ የፀረ-ተባይ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ውኃ አይቀዳበት። ሐኪሞችም ሊምፎማ ወይም ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዘው ገበሬ ሲመጣ ምን ሲረጭ እንደኖረ ጠይቁት፤ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉት።