12ኛ ክፍል ጨረሳችሁ? ይህን ክረምት እንዲህ ተጠቀሙበት

ፈተናው አለቀ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ውጤት እስኪመጣ ግን ክረምቱ በቲክቶክ ብቻ እንዳያልቅ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የአስም ፓፌን እቤት ረስቼ ነው የሄድኩት። እስከዚያ ድረስ የምታስታውሰኝ እናቴ ነበረች። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮኝ የዶርም ልጆች ናቸው ደግፈው ክሊኒክ ያደረሱኝ።

ስለዚህ ከአሁኑ፦

✅ አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ካለባችሁ የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን ራሳችሁ እወቁ። ያለ አስታዋሽ መውሰድ ልመዱ። ዶርም ስትገቡ ለአንድ ጓደኛችሁ ንገሩ።

✅ ሰሌዳ ከሩቅ የሚደበዝዝባችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ተመርመሩ።

✅ በእናንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ማታ ስልኩን ከአልጋ አርቁት።

ዘንድሮ የተፈተነ ልጅ ላላቸው ሼር አድርጉላቸው 🙏