አይቢኤምን የተከላከሉ፣ ማይክሮሶፍትን የሞገቱ ጠበቃ

ገበያውን ለብቻው ይዟል ተብሎ ለተከሰሰ ኩባንያ ጥብቅና የቆመ ሰው፣ በሌላ ጊዜ ከመንግሥት ጎን ተሰልፎ ሌላውን ግዙፍ ኩባንያ ሊሞግት ይችላልን? አሜሪካዊው ዴቪድ ቦይስ ሁለቱንም አድርገዋል። ይህ ግን እርስ በርሱ አይጋጭም። የአሜሪካ የጸረ ሞኖፖል ሕግ ጥፋት የሚለው ትልቅነትን ሳይሆን፣ ተፎካካሪን ከገበያ ለማስወጣት የሚሠራን ደባ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለዱት ቦይስ ዲስሌክሲያ የተባለ የንባብ ችግር ስላለባቸው እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ማንበብ አይችሉም ነበር። በችሎት የታወቁትም ማስረጃን በቃላቸው ይዘው በመከራከር ነው። በ1966 የሕግ ትምህርታቸውን በየል ዩኒቨርሲቲ አጠናቀው ክራቫዝ በተባለው የኒውዮርክ የጥብቅና ድርጅት ተቀጠሩ።

በ1969 መንግሥት የኮምፒዩተር ገበያውን በሞኖፖል ይዟል ሲል አይቢኤምን ከሰሰ። ለኩባንያው ከተሟገቱት የክራቫዝ ጠበቆች አንዱ ቦይስ ነበሩ። ክርክሩ 13 ዓመት ፈጅቶ በ1982 መንግሥት ራሱ ክሱን አነሳ።

ቦይስ በ1997 ክራቫዝን ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የፍትሕ ሚኒስቴሩም በቀጣዩ ዓመት በማይክሮሶፍት ላይ ላቀረበው ክስ ጠበቃ አድርጎ መረጣቸው። ዊንዶውስ በግል ኮምፒዩተሮች ገበያ ከ90 በመቶ በላይ ድርሻ ነበረው። የክሱ ፍሬ ነገር ግን ድርሻው አልነበረም። ኩባንያው የኢንተርኔት ማሰሻውን ከዊንዶውስ ጋር አቆራኝቶ መሸጡና ኮምፒዩተር አምራቾች ማሰሻውን እንዳያነሱ በውል ማሰሩ ነበር። በነጋዴ አነጋገር፣ «ይህን ካልወሰድክ ያንን አልሸጥልህም» እንደማለት ነው። የተጎዳውም ኔትስኬፕ የተባለው ተፎካካሪ ነበር።

ቦይስ የማይክሮሶፍቱን መሥራች ቢል ጌትስን የጠየቋቸው ከኩባንያው ሠራተኞች የኢሜይል ልውውጥ እየጠቀሱ ነው። ጌትስ በቃላት ትርጉም ላይ እስከ መከራከር ደረሱ። የምስክርነቱ ቪዲዮ በችሎት ሲታይ ኩባንያውን ክፉኛ ጎዳው። በ2000 ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን ማይክሮሶፍት ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ትዕዛዝ ቢሽረውም፣ ኩባንያው ሞኖፖሉን በሕገወጥ መንገድ ጠብቋል የሚለውን ፍርድ አጸና። በዚያው ዓመት መንግሥትና ኩባንያው ተስማሙ።

ቦይስ ከዚያ በኋላ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ጠበቃ ሆኑ። ቪዛና ማስተርካርድ አባል ባንኮቻቸው የአሜሪካን ኤክስፕረስን ካርድ እንዳያወጡ ከልክለው ነበር። በስምምነት ሲቋጭ በ2007 የቪዛ ወገን እስከ 2.25 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2008 ደግሞ ማስተርካርድ እስከ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

በማይክሮሶፍትም ሆነ በካርዶቹ ክርክር መዘዝ የሆነው የገበያ ድርሻ ብዛት ብቻ አልነበረም። ለደንበኛ የቀረበው ውል፣ ለአባላት የወጣው ደንብና በቢሮ ውስጥ የተጻፈው መልእክት ነበሩ። ትልቅ ድርሻ የያዘ ነጋዴ ጠበቃውን ማማከር ያለበት እነዚህን ከመጻፉ በፊት እንጂ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ አይደለም።