አማን፣ የጥንቷ ፊላደልፍያና መንሰፏ

በኻልዳ ያለን ብዙዎቻችን ሥራ ስለሚበዛብን አማንን በደንብ አናውቃትም። በግሪኮች ዘመን ፊላደልፍያ ትባል ነበር፤ ስሙ የመጣው በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን ከገዛው ከዳግማዊ በጥሊሞስ ፊላደልፎስ ነው። (በዮሐንስ ራእይ ያለችው ሌላ ናት፤ በዛሬዋ ቱርክ ትገኛለች።) ዓርብ ዕረፍት ያላችሁ በለድ ስትወርዱ የምታዩት 6,000 ያህል ሰው የሚይዝ የድንጋይ ቴአትር ከዚያች ከተማ የቀረ ነው፤ በሮማውያን ጊዜ ተሠራ።

ገበታዋ ግን ከግሪኮች አልመጣም። መንሰፍ የበደዊዎች ምግብ ነው፤ ዩኔስኮም በ2022 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ጀሚድ፣ ማለት እንደ ድንጋይ የደረቀው እርጎ፣ ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት በጥብጣችሁ አጥሩትና እስኪፈላ ሳታቋርጡ አማስሉት፤ አለዚያ ውኃውና እርጎው ይለያያል። እንግዳ በተጠራበት ቀን ይህ የደረሰባት ታውቀዋለች! ጀሚዱ ጨው ስላለው ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ።