ሃርፐርስ ፌሪ፦ በእግረኛ የምትተዳደር ትንሽ መንደር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ወይ ቤቱ ተኝቶ ይውላል፣ ወይ ሠርግና ልቅሶ ሲዞር ይመሽበታል። "ልጆቹን ከከተማ ወጣ አድርገን ምን እናሳያቸው?" የሚለው ጥያቄ ግን በየቤቱ አለ። በዛሬው አምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሃርፐርስ ፌሪ የምትባለውን የዌስት ቨርጂኒያ መንደር ነው። ከዋሽንግተን በስተሰሜን ምዕራብ 60 ማይል ያህል ትርቃለች፤ ነዋሪዎቿም 300 አይሞሉም። ታዲያ ይህችን የምታክል መንደር እንግዳ የሚጎርፍባት ለምንድን ነው? በትንሽ ንግድ ላይ ያለን ሰዎችስ ከእርሷ ምን እንማራለን?

መንደሯ የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ፣ በገደላማ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ናት። ታሪኳም ከመልኳ አያንስም። በኦክቶበር 1859 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ብራውን የተባለ ነጭ የባርነት ጠላት 21 ሰዎች አስከትሎ በመንደሯ የነበረውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያዘ። ሐሳቡ ባሮችን አስታጥቆ ነፃ ማውጣት ነበር። ከተከታዮቹ 5ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ሙከራው በሁለት ቀን ውስጥ ከሸፈ፤ ብራውንም ዲሴምበር 2 ቀን በስቅላት ተቀጣ። የመሸገባት ትንሽ የጡብ ቤት ቦታዋ ደጋግሞ ቢቀያየርም ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ናት።

ከጦርነቱ በኋላ በ1867 ነፃ ለወጡት ባሮች ስቶረር ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ እስከ 1955 ሲያስተምር የቆየ ሲሆን፣ በኋላ የናይጄሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌም ተምረውበታል። በኦገስት 1906 ደግሞ በዱ ቦይስ የሚመራው የናያጋራ ንቅናቄ ስብሰባውን በዚሁ ግቢ አደረገ። ተሰብሳቢዎቹ ያን ጊዜ በአንድ እርሻ ላይ ወደነበረችው የጆን ብራውን ቤት ሲቃረቡ ቦታው የተቀደሰ ነው ብለው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሲገባ ጫማ ማውለቅ ለለመደው ለእኛ ሰው የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም። ለልጆችዎ ግን ቦታው ላይ ቆመው ቢነግሯቸው አይረሱትም።

መራመድ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከ2,100 ማይል በላይ የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በመንደሯ መካከል ያልፋል። ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ባለው የእግረኛ ድልድይ ፖቶማክን ተሻግረው ወደ ሜሪላንድ ሃይትስ ቢወጡ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ መንደሯንና ሁለቱን ወንዞች ቁልቁል ያያሉ። ደርሶ መልሱ 4.5 ማይል ያህል ነው፤ አቀበቱ ይከብዳል። አቀበት የማይችሉ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ከድልድዩ ማዶ ባለው የድሮ ቦይ ዳርቻ፣ በሜዳ መንገድ ሊንሸራሸሩ ይችላሉ። ውኃ ይያዙ፤ ሲመለሱ የልጆችን እግርና አንገት ለመዥገር ይፈትሹ። ወንዙ ጸጥ ያለ መስሎ ስለሚያታልል ለዋና አይግቡበት።

የማርክ ባቡር በሥራ ቀን ብቻ የሚሠራ የሠራተኛ ባቡር ስለሆነ፣ ለቅዳሜና እሑድ መኪና ይሻላል። መኪናዎን ከመንደሯ በላይ ባለው የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል አቁመው በነፃው አውቶቡስ ይውረዱ። መግቢያው ለአንድ የግል መኪና 20 ዶላር ነው። ብዙ ወገን የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ ዜግነት ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆችም ዕድሜያቸው 62 ከሞላ፣ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች ማለፊያ ማውጣት ይችላሉ። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለውም ቤተሰብ ለዓመቱ ነፃ ማለፊያ ያገኛል። ዕድሜው 18 የሞላ ባለግሪን ካርድ ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት ሕጉ ስለሚያዝ፣ ለሽርሽርም ቢሆን ቤት አይተዉት።

አሁን ወደ ንግዱ እንምጣ። በመንደሯ ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ ያሉት ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ትንንሽ ማረፊያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በእንግዳ ነው። የደከመው እግረኛ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውኃ፣ ትኩስ ምግብና መቀመጫ ነው፤ እነርሱም ይህንኑ ያቀርባሉ። ችግርም አያጣቸውም። ክረምት ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ በጁላይ 2015 በተነሣ ቃጠሎም በርካታ የንግድ ቤቶች ወድመዋል። በበጋው ገቢ ክረምቱን ለመሻገር ያላሰበና ኢንሹራንስ የሌለው ነጋዴ በእንዲህ ያለ ቦታ አይቆይም።

ከእኛም መካከል ሰፊ ቫን ገዝቶ ከአገር ቤት የመጡ እንግዶችን በክፍያ ላስጎብኝ የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዘመዶቻችንን በቋንቋቸው የሚያስጎበኝ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በክፍያ ማስጎብኘት ከፓርኩ አስተዳደር የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። መንገዱም ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ስለሚያሻግር፣ "የታክሲ ፈቃዴ ይበቃኛል" ብሎ መነሣት አደጋ አለው። ስለ ፌዴራል የትራንስፖርት ምዝገባና ስለሚያስፈልገው የኢንሹራንስ ዓይነት አስቀድመው ይጠይቁ። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ዘመድንም ለአስጎብኚነት ማሠራት አይፈቀድም፤ የሚጎዳው እርሱው ነውና።

እንግዲህ መጀመሪያ ቤተሰብዎን ይዘው አንድ ቀን እንደ እንግዳ ይሂዱ። እግረኛው የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚገዛ፣ ምን አጥቶ እንደሚመለስ በዓይንዎ ይዩ። ለንግድ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከዚህ የረከሰ ጥናት የለም። መልካም ጉዞ!