«ዳይመንድ» ትላለች፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው

ካርታ ሲባል ደመወዝ የሚያስበላ ቁማር ብቻ ወደ ሐሳብዎ ቢመጣ አይፈረድብዎትም። ዛሬ የምናጫውትዎ ግን ስለ ብሪጅ ነው። ብሪጅ የዓለም ሻምፒዮና ያለው፣ ሴቶችም ስም ያተረፉበት የካርታ ጨዋታ ነው።

ብሪጅን አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱታል። ጓደኛሞቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 13 ካርታ ይደርሳቸዋል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን» እየተባባሉ ይጫረታሉ። ታዲያ በዚህ ጊዜ ስለ ካርታዎ ለጓደኛዎ ማስታወቅ የሚፈቀድልዎ በ38 ጥሪዎች ብቻ ነው። «አንድ ልብ» ያለች ተጫዋች፣ የልብ ምልክት የበላይ ሆኖ ከ13ቱ ዙር 7ቱን ለማሸነፍ ቃል ገባች ማለት ነው።

በ38 ቃል ቤት አስተዳድሪ ብትባል የትኛዋ እናት ትችላለች? ተጫዋቾቹም አልበቃቸውም። ስለዚህ ቃሉን ለሌላ ትርጉም ማዋል ጀመሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 የዛሬውን የብሪጅ የነጥብ አያያዝ ያወጣው አሜሪካዊ ሃሮልድ ቫንደርቢልት፣ «አንድ ክለብ» የሚለው የመክፈቻ ጥሪ «እጄ ጠንካራ ነው» ማለት እንዲሆን አደረገ። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው ቴሬንስ ሪስ ከጄረሚ ፍሊንት ጋር ባወጣው ስልት ደግሞ «ሁለት ዳይመንድ» ያለች ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የያዘችው ደካማ እጅ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ካርታዎቿ ልብ ወይም ስፔድ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አልተናገረችም። በፖላንድ የታወቀው ዘዴ ከሁሉም ይብሳል፤ ጠንካራ እጅ የያዘ «አልፌያለሁ» ይላል፣ የሚናገረው ደካማው ነው! (ይህን ዓይነቱን ቤት የምናውቅ አንጠፋም።)

«ታዲያ ይህ ማጭበርበር አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ምክንያቱም የጥሪው ትርጉም ለተጋጣሚዎችም የተገለጠ መሆን አለበት። ተጋጣሚ ሲጠይቅ የጠሪዋ ጓደኛ፣ «በስምምነታችን መሠረት ትርጉሙ ይህ ነው» ብላ ታስረዳለች። የሚከለከለው ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ምልክት ነው።

በ1965 በቦነስ አይረስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ክርክር የተነሣው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ዶሮቲ ሄይደን ከስድስቱ የአሜሪካ ቡድን ተጫዋቾች ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ጓደኛዋ ቢ. ጄይ ቤከር፣ ሪስና የጨዋታ ጓደኛው ቦሪስ ሻፒሮ ካርታቸውን የሚይዙበት የጣት ቁጥር እንደሚለዋወጥ አስተዋለ። ወይዘሮ ሄይደንም እየተጫወተች ተከታተለች፤ ያየችውንም መዘገበች። የጣቶቹ ቁጥር በእጅ ያለውን የልብ ካርታ ብዛት ያሳያል ተብሎ ተከሰሱ።

እርስዎ በእርሷ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ቢናገሩ የሰው ስም ይጠፋል፤ ዝም ቢሉ የቡድንዎ ድካም መና ይቀራል። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ሁለቱን ጥፋተኞች ናቸው አለ። በ1966 በለንደን የተካሄደው ምርመራ ግን ጥፋቱ በበቂ አልተረጋገጠም ሲል ወሰነ። ሁለቱም ክሱን ክደዋል፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ዘለቀ።

ከ1975 ጀምሮ በትልልቅ ውድድሮች ጓደኛሞቹ እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መከለያ ይቆማል። ጥሪውም በቃል መሆኑ ቀርቶ፣ የተጻፈበት ካርድ ከሣጥን እየተመዘዘ ይቀርባል። ወይዘሮ ሄይደን ከዚያ ጉዳይ በኋላም ጨዋታውን አልተወችም። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የሆነውን የቬኒስ ዋንጫ ከቡድኗ ጋር በ1974፣ በ1976 እና በ1978 ወስዳለች።