የትምህርት ቤት መዝገብ በሰርቨር ዲስክ ላይ ስለሚጠበቅበት መንገድ

ከጣርማ በር ዋሻ ቍልቍል ወርዶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዘልቅ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጉም ወደ ቆላ ሙቀት ይደርሳል። ሙቀትና አቧራ የዲስክን ዕድሜ ያሳጥራሉ፤ በደጋውም ቢኾን ዲስክ የሚያረጅ ዕቃ ነውና አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። የተማሪዎች ስምና ማርክ በሰርቨር የሚያድረው በዚሁ ዕቃ ላይ ነው።

በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ በበርክሊ ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ሊቃውንት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት እንዲቻል ጻፉ፤ ስሙንም ሬይድ አሉት። አንደኛው ዐይነት መንትያ ነው፤ በአንዱ ዲስክ የሚጻፈው ኹሉ በሌላው ይደገማል። ሌላው ዐይነት በሒሳብ የሚጠብቅ ነው። ይህንንም መምህር በጥቍር ሰሌዳ ሊያሳይ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዲስክ 7፥ በኹለተኛው 5፥ በሦስተኛው ድምሩ 12 ቢጻፍ፥ ኹለተኛው የጠፋ እንደ ኾነ ከ12 ላይ 7 ተቀንሶ 5 ይገኛል። መኪናው የሚደምረው በሌላ ስልት ነው፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ይህ ቦታ ይቈጥባል፤ ነገር ግን የጠፋው ዲስክ እስኪተካ ድረስ የቀሩት ለረጅም ሰዓት ሲነበቡ ሌላ ቢበላሽ መዝገቡ ይጠፋል። ስለዚህ ለትንሽ ትምህርት ቤት ኹለት መንትያ ዲስክ ይሻላል።

የፋይል ሥርዓት የሚባለው ደግሞ ጽሑፉ በዲስክ ላይ የሚደረደርበት ደንብ ነው። ኤክስት 4 የተባለው ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ በውሎ መዝገብ ይጽፋል፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ሲመለስ ያንን አይቶ ድርድሩን ያቃናል። በመጨረሻ ሲጻፍ የነበረው ማርክ ግን ሊጠፋ ይችላል። ዜድ ኤፍ ኤስ የተባለው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ መመርመሪያ ቍጥር ያኖራል። ጥቅሙም ታላቅ ነው፤ ተራ መንትያ ዲስኮች ቃላቸው የተለያየ እንደ ኾነ፥ ሦስተኛ ምስክር እንደሌለው ሙግት፥ እውነተኛው አይታወቅም፤ ዜድ ኤፍ ኤስ ግን ለይቶ የተበላሸውን ከደኅናው ያድሳል። ኾኖም ሰፊ ማስታወሻና የሚያውቅ ጠባቂ ይሻል፤ ጠባቂ ከሌለ ኤክስት 4 ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ይበቃል።

መንትያ ዲስክ ቅጂ ማለት አይደለም። ጸሓፊው ተሳስቶ የሰረዘው ከኹለቱም በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፤ እሳትና ሌባም ኹለቱን አብረው ይወስዳሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ ቤት ያሉ ኹለት ዲስኮች እንደ አንድ ይቈጠራሉ። የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ የተደረገው በዚሁ ብልኀት ነው። የደብረ ሲናም ትምህርት ቤት ሦስተኛውን ቅጂ በየሳምንቱ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ገልብጦ፥ በደብረ ብርሃን በታመነ ቤት ሊያኖር ይችላል። በየመንፈቁም ይህ ቅጂ ተከፍቶ የጥቂት ተማሪዎች ማርክ ከወረቀቱ ሮስተር ጋር ይመሳከር።